«ካንሰር ነው» መልስ አይደለም

ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ያለ ሽቦ በአየር የሚመጣን መልእክት ያስታውሳል። እኛ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ልጆች ግን፣ ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ ስለ አርሴናልና ስለ ኮንዶሚኒየም ኪራይ ስናወራ እናመሻለን እንጂ ከአባቶቻችን የሚመጣውን መልእክት አንሰማም። ሽንት ሲያስቸግራቸው «ዕድሜ ነው» እንላለን። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ወገባቸውን ሲያማቸው ደግሞ ወጌሻ ይጠራል። አንዳንዴ ግን ነገሩ የፕሮስቴት ካንሰር ነው፤ ወገብ ላይ የተሰማውም አጥንት ውስጥ የገባው ነው።

የዛሬው ሙግታችን ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ናሙና ተወስዶ ውጤት ሲመጣ ቤተሰቡ ይዞ የሚወጣው አንድ ቃል ነው፦ ካንሰር። ጎረቤት ይሰማል፣ ፀበል ይታሰባል፣ ቤት ይሸጥ አይሸጥ ይባላል። ምን ዓይነት ካንሰር? ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጥያቄው ግን የቆየ መልስ አለው። አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ዶናልድ ግሊሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ሥራ፣ ዕጢው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምን ያህል ቅርፁን እንደሳተ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጠው። ሁለት ነጥቦች ይደመራሉ፤ ዛሬ በመርፌ ናሙና ላይ ድምሩ ከ6 እስከ 10 ነው። 3+4 እና 4+3 ሁለቱም 7 ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ይከፋል። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2014 የዘርፉ ባለሙያዎች ውጤቱን ከ1 እስከ 5 በደረጃ የመደቡት። ድምሩ 6 የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ በክትትል ብቻ ዓመታት ይኖራል። 9 የሆነውን ግን በሽታው ጊዜ አይሰጠውም። ሁለቱን ሰዎች በአንድ ቃል መሸኘት ምን ይሉታል?

«ድሃ ሀገር ነን» የምትለዋን መልስ እናውቃታለን። እዚህ አትሠራም። ይህ ምደባ የጂን ማሽን አይፈልግም፤ ቀለም የተቀባ ስስ ቁራጭ፣ ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ዓይን ይበቃዋል። የጎደለን የሠለጠነው ዓይን ነው። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ሲቆይ ስለ ማሽን ተጮኸ፤ ተገቢም ነበር። ስለ ፓቶሎጂስት ማን ጮኸ? ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ለማይክሮስኮፕ ሲቆረጥ አላየንም።

«አጥንት ከገባ በኋላ ደረጃ ምን ይሠራል? ለሁሉም ሆርሞን መቁረጥ ነው» የሚሉም አሉ። ተሳስተዋል። ፒኤስኤው ዝቅ እንዳለ የሚስፋፋ፣ ሆርሞን መቁረጥ የማይገታው፣ ኬሞቴራፒ የሚፈልግ የትናንሽ ሕዋሳት ዓይነት አለ። ይህን የሚናገረው ቲሹው ነው።

ከዚህም ያለፈ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 «ኔቸር» ላይ የወጣ ጥናት የ183 ታማሚዎችን ዕጢ ሙሉ ጂኖም አንብቦ፣ በአፍሪካውያን ላይ ብቻ የታዩ ንዑስ ዓይነቶች አገኘ። የደቡብ አፍሪካ ወንዶች ናሙና ባይገባበት ኖሮ አይታዩም ነበር። የእኛ አባቶች የት ይመደባሉ? ዕጢያቸው ሳይጠና ማንም አይነግረንም።

የምንጠይቀው ትንሽ ነው። እያንዳንዱ የፕሮስቴት ባዮፕሲ ውጤት ስንት ናሙና እንደተወሰደ፣ በስንቱ ካንሰር እንደተገኘ፣ ሁለቱን የግሊሰን ነጥቦችና ደረጃውን በቁጥር ይያዝ። በሰም የተቀበረው ቲሹም ይቀመጥ፤ ነገ ሌላ ዓይን ያየዋል።

እኛ ልጆችስ? ከአባታችን ጋር ወደ ሐኪሙ ክፍል እንግባ። ወረቀቱን እንቀበል። «ስንት ሲደመር ስንት?» ብለን እንጠይቅ። ሐኪሙ ቢቆጣም እንጠይቅ።