«ተመችቶሃል» የምንለው ቦርጭ፦ ከመጠን ያለፈ ውፍረት በከተሞቻችን ለምን በዛ? ምንስ ያስከትላል?

ከረጅም ጊዜ በኋላ ያገኘን ሰው ወፍረን ከሆነ «አምሮብሃል፣ ተመችቶሃል» ይለናል። ቀንሰን ከሆነ ደግሞ «ምነው ከሳሽ? አሞሽ ነበር እንዴ?» እንባላለን። ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ረሃብን በሚያውቅ አገር ውፍረት የጥጋብ ምልክት ነበር። ኤችአይቪ በተስፋፋባቸው ዓመታትም መክሳት ከበሽታው ጋር ይያያዝ ስለነበር፣ ሰው ክብደት ሲጨምር ቤተሰብ እፎይ ይል ነበር።

ዛሬ ግን ይህ ልማድ እየጎዳን ነው። ለሥራ ቅጥር ወይም ለሌላ ጉዳይ የጤና ምርመራ ሊያደርጉ መጥተው የደም ግፊታቸው ወይም የደም ስኳራቸው ከፍ ብሎ የማገኛቸው፣ ገና በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ «እኔ እኮ ምንም አያመኝም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ አያማቸውም። ቀበቶአቸው ግን ከዓመታት በፊት ጀምሮ ሲነግራቸው ቆይቷል።

ችግሩ ምን ያህል ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረበት። በአገራችን በተደረጉት የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2000 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ግን 8 በመቶ ደረሱ። ይህ የአገር አቀፍ አማካይ ነው። በከተማ ቁጥሩ ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚያው በ2016 ዳሰሳ 22 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ደግሞ ከሚገባው በታች ከሲታ ነበሩ። ስለዚህ አንዱ ችግር ሳይወጣ ሌላው ገብቷል ማለት ነው።

ለምን በዛ?

ብዙ ሰው ውፍረትን የሆዳምነት ወይም የስንፍና ውጤት አድርጎ ያያል። ከዚህ ይልቅ የተለወጠው አኗኗራችን ነው።

ዘይት። ከምግብ ሁሉ በጥቂቱ ብዙ ጉልበት የያዘው ዘይት ነው። አራት ሰው ያለበት ቤት በሳምንት አንድ ሊትር ዘይት ከጨረሰ፣ ከዘይቱ ብቻ እያንዳንዱ ሰው በቀን ወደ 290 ካሎሪ ያገኛል። በጾም ወቅትም ክብደት የሚጨምሩ ሰዎች የሚገርማቸው ለዚህ ነው፤ ሥጋው ቀርቶ ዘይቱ፣ ዳቦውና ሳምቡሳው በዝቷልና። ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ለልብና ለደም ሥር የማይመች የስብ ዓይነት ነው።

ለስላሳና ስኳር። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ይህም ሰባት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ የሚጨምረውን ስኳር በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲያደርግ ይመክራል። ለስላሳው ላይ በስኳር የተጠጣው ማኪያቶና ሻይ ሲደመር ልኩ ከምሳ በፊት ያልፋል።

እንቅስቃሴ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ውኃ ሲቀዱ፣ ገበያ በእግራቸው ሲሄዱ፣ ሲወቅጡና ሲፈጩ ነበር የሚውሉት። እኛ ከቤት ታክሲ፣ ከታክሲ ወንበር፣ ከወንበር ሶፋ ነን። ለልጆች ደግሞ የሰፈሩ ሜዳ ሕንጻ ሆኖባቸው የቀራቸው ስልክ ነው።

«በዘራችን የለም» ለሚሉ

«እኛ ቀጭን ዘር ነን፤ ስኳር በሽታ በቤታችን የለም» የሚሉ አሉ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ለዚህ መልስ ይሰጣል። ሲደርሱ ቀጭኖች ነበሩ፤ ስኳር በሽታም በመካከላቸው እጅግ ጥቂት ነበር። አመጋገባቸውና አኗኗራቸው በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በሽታው በወጣቶቹ ላይ ሳይቀር በግልጽ ጨመረ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ኑሮው ነው። ከገጠር ወደ ከተማ ለገባ፣ ወደ ዓረብ አገርም ሆነ ወደ አሜሪካ ለሄደ ቤተሰብም ትምህርቱ ያው ነው።

ምን ያስከትላል?

ከሁሉ የከፋው በሆድ ዙሪያ፣ በአንጀትና በጉበት አካባቢ የሚከማች ስብ ነው። ይህ ስብ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማል፤ ቆሽትም ለማካካስ ከአቅሙ በላይ ይሠራል፤ ሲደክመው ስኳር በደም ውስጥ ይከማቻል። ከዚህ ጋር የሚመጡት ዋና ዋና ችግሮች እነዚህ ናቸው፦

• ዓይነት ሁለት ስኳር በሽታ፣ ካልተቆጣጠሩትም የዓይን፣ የኩላሊትና የእግር ጉዳት
• የደም ግፊት፣ የልብ ሕመምና ስትሮክ
• በጉበት ላይ ስብ መከማቸት
• ከፍተኛ ማንኮራፋትና በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ
• የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም
• በሴቶች የወር አበባ መዛባት፣ ለማርገዝ መቸገር፣ በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊትና ስኳር
• ከማረጥ በኋላ የሚመጣን የጡት ካንሰር ጨምሮ አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች

ጉዳቱ በታማሚው ላይ ብቻ አይቆምም። የቤቱ አስተዳዳሪ በአርባ አምስት ዓመቱ በስትሮክ ሲተኛ ወይም ኩላሊት እጥበት ሲጀምር፣ የልጆች ትምህርትና የቤት ኪራይ አብረው ይናጋሉ። «ተመችቶታል» ያልነው ሰው መሆኑን የምናስታውሰው ያኔ ነው።

እንዴት ያውቃሉ?

ልብስ ሰፊ የሚጠቀምበትን ሜትር ይውሰዱ። ትንፋሽዎን አውጥተው ሆድዎን ሳይስቡ፣ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መካከል ይለኩ። ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ አደጋው ጨምሯል። ቀበቶ ከቦርጭ በታች ስለሚታሰር የሱሪ ቁጥር አያታልልዎ።

ሌላው መለኪያ ክብደትን (በኪሎ) ለቁመት (በሜትር) ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። ቁመቱ 1.65 ሜትር፣ ክብደቱ 82 ኪሎ የሆነ ሰው 30 ያህል ያገኛል። ከ25 ጀምሮ ክብደት በዝቷል፤ ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። እነዚህ ልኮች ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት አይሠሩም።

ምን ያድርጉ?

ግብዎ የወጣትነት ቁመናዎን መመለስ አይሁን። ከክብደትዎ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻ የደም ግፊትንና ስኳርን ያሻሽላል። ከላይ ለጠቀስነው ባለ 82 ኪሎ ሰው ይህ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ነው።

• ዘይትን ከጠርሙሱ በቀጥታ አያንቆርቁሩ፤ በማንኪያ ይለኩ።
• ለስላሳን ለበዓል ይተዉት፤ በቤት ውስጥ ውኃ የተለመደ መጠጥ ይሁን።
• ከማዕዱ ግማሹን ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሰላጣና ሌላ አትክልት ያድርጉ፤ እንጀራውን ይቀንሱ።
• በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድም ይቆጠራል።
• ለአንዱ የቤተሰብ አባል ብቻ የተለየ ምግብ አይሥሩ። ማዕዱ የጋራ ስለሆነ ለውጡም የጋራ ሲሆን ይዘልቃል።

በየገበያው «በሳምንት ቦርጭ የሚያጠፋ» እየተባለ የሚሸጥ ሻይና ክኒን አይጠቀሙ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ጾም ከመጀመርዎ ወይም ምግብ ከመዝለልዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ስኳር ከልክ በታች መውረድ በሰዓታት ውስጥ ለሕይወት ያሰጋል።

ሁሉንም በግለሰብ ላይ መጫን ግን ትክክል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጦችን ማካተቱ፣ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መንገዱን ለእግረኛ መክፈቱ ጥሩ ጅምሮች ናቸው። የሚራመዱበት የእግረኛ መንገድና የልጆች መጫወቻ ሜዳ ለጤና ከመድኃኒት ያላነሰ ዋጋ አላቸው።

ለቤተሰብ አንድ ቃል። የወፈረን ሰው ማሾፍና ማሸማቀቅ ክብደት አያስቀንስም፤ ከሐኪም ያርቀዋል እንጂ። ወንድምዎ ወይም እናትዎ ወገባቸው ከሰፋ «አምሮብሃል» ወይም «ምነው እንዲህ ሆንሽ» ከማለት ይልቅ «ነገ አብረን ግፊታችንንና ስኳራችንን እንለካ» ይበሉ። ምርመራው በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ይገኛል፤ ሁለቱንም ለማወቅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።