የንግሥተ ሳባ ታሪክ በመጽሐፍና በሲኒማ፤ የዋግ ድርሻስ?

የቀድሞ ታሪክ እንደ አዲስ በተነገረ ቍጥር ሁለት ዐይነት ሰዎች ይነሣሉ። አንደኞቹ «ከጥንቱ ታሪክ አንድ ቃል መለወጥ ኀጢአት ነው፤ ሲኒማም የዋዛ ቤት ነው» ይላሉ። ሁለተኞቹ ደግሞ «ተረት ባለቤት የለውምና ሁሉም እንደ ወደደ ያድርገው» ይላሉ። ሁለቱም ስተዋል፤ የስሕተታቸውም ምስክር ከሩቅ አገር ሳይሆን ከሰቆጣና ከዋግ ደጋ ይገኛል።

ለመጀመሪያዎቹ መልሱ አጭር ነው። የኢትዮጵያ ሊቃውንት የባዕድ ታሪክ ሲመልሱ ግልባጭ ብቻ አልሠሩም። የመቄዶንያው የእስክንድር ታሪክ ከግሪክ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ በገባ ጊዜ፥ አረማዊ የነበረው ንጉሥ እግዚአብሔርን የሚፈራና ንጽሕናን የሚወድ ሰው ሆኖ ተጻፈ። እጨጌ ዕንባቆም በ1553 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የበራላምና የይዋሲፍ መጽሐፍም ሥሩ በህንድ አገር የሚነገረው የቡድሃ ታሪክ ነው። መለወጥ ራሱ ኀጢአት ከሆነ ከእነዚህ ሊቃውንት ማን ይጸድቃል?

ለሁለተኞቹ ግን መልሱ ረዘም ይላል። በ1959 ኪንግ ቪዶር የተባለው አሜሪካዊ የሲኒማ አዘጋጅ «ሰሎሞንና ሳባ» የሚባለውን ፊልም በእስፔን አገር ሠራ፤ ጣሊያናዊቷ ጂና ሎሎብሪጂዳም ንግሥቲቱን ሆና ታየችበት። በክብረ ነገሥት ንግሥቲቱ ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰሎሞን የነገራትን ሰምታ፥ ጥበብን ከወርቅ አብልጣ ወደ ኢየሩሳሌም ትሄዳለች። በፊልሙ ግን ከፈርዖን ጋር ተማክራ ሰሎሞንን በውበቷ ልትጥል የመጣች ተንኰለኛ ሆነች። ሰረገላውና ሰይፉ፥ ጭፈራውና ጌጡ በዛ፤ የጥበብ ፍለጋዋ ግን ቀረ። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ሰሙ አጊጦ ወርቁ እንደ ተጣለ ይፈርዳል። እስክንድርን ወደ ግእዝ የመለሰው ሊቅ ግን ሰሙን ለውጦ ወርቅ ጨመረበት።

ይሁን እንጂ በባዕድ ሲኒማ ላይ ብቻ መጮኽ ቀላል ነው። ክብረ ነገሥት ራሱ ከአገር አገር ሲተረክ የመጣ ታሪክ ነው፤ አተራረኩም ለዋግ ሰው ከፊልሙ ይልቅ የሚቈረቍር ነው። በመጽሐፉ ፍጻሜ እንደ ተጻፈው፥ በላሊበላ ዘመን ከቅብጥ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ወደ ግእዝ ያልተመለሰበት ምክንያትም ከእስራኤል ወገን ያልሆኑ ሰዎች መንገሣቸው ሕግን መተላለፍ ነው ስለሚል ነው። የግእዙ መጽሐፍ የወጣው የዛጔ መንግሥት በ1270 ከወደቀ በኋላ፥ በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፥ በአክሱሙ ይስሐቅና በባልንጀሮቹ እጅ ነው። ስለዚህ ያው ታሪክ ለአንዱ ቤት ዘውድ ሲሆን፥ ዋግሹሞች ዘራቸውን ለሚቈጥሩበት ለዛጔ ቤት ክስ ሆነ።

የዛጔን መታሰቢያ የጠበቁ ሰዎችስ ምን አደረጉ? መጽሐፉን አላቃጠሉም፤ ታሪክን በታሪክ መለሱ እንጂ። ገድለ ላሊበላ፥ ገድለ ይምርሐነ ክርስቶስና ገድለ ነአኵቶ ለአብ ተጻፉ። ሕፃኑን ላሊበላን ንቦች ሲከቡት እናቱ እንደሚነግሥ ዐወቀች፤ ባደገም ጊዜ መላእክት ወደ ሰማይ አውጥተው የሚያንጻቸውን አብያተ ክርስቲያናት አሳዩት። በአንዱ መጽሐፍ ሕግ ተላላፊ የተባሉት ነገሥታት በሌላው ቅዱሳን ሆኑ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሁለቱን መጻሕፍት ጠብቃ፥ ነገሥታቱን በቅድስና ታከብራቸዋለች።

የዛሬው የዋግ ኽምራ ምሁር ከዚህ የሚማረው ነገር አለ። በሰቆጣ አቅራቢያ ከዐለት የተፈለፈለው የመስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ይታያል፤ በአማርኛና በኽምጣኛ በአፍ ብቻ የሚነገረው ተረትና ትውፊት ግን አንድ ሽማግሌ ባለፈ ቍጥር አብሮ ያልፋል። በላሊበላ ስም ውስጥ ያለው የንብ ነገር እንኳ የሚፈታው በአገው ቋንቋ ነው ይባላል። ቋንቋውን የማይሰማ የፊልም አዘጋጅ ንቦቹን በሥዕል ሊያበዛቸው ይችላል፤ በስሙ ውስጥ ግን አይሰማቸውም።

እንግዲህ ካህኑ ገድሉንና ትርጓሜውን፥ ሽማግሌው ኽምጣኛውን፥ የተማረው የከተማ ሰው ማተሚያውንና ካሜራውን ይዞ በአንድነት ይቀመጥ። ካህኑ ሲኒማን ስለ ናቀ ሲኒማው አይቀርም፤ ያለ ካህኑ ይሠራል እንጂ። የከተማውም ሰው ገድሉን ሳያነብ ካሜራ ቢያነሣ ቪዶር በሳባ ላይ ያደረገውን በላሊበላ ላይ ይደግማል። ሁለቱም ዝም ቢሉ ደግሞ ሌላው ይመጣል፤ እንደ ወደደም ይተርከዋል። በዚያን ጊዜ «ታሪካችን ተበላሸ» ብሎ መክሰስ ለዋግ ልጆች አያምርባቸውም፤ አባቶቻቸው በተከሰሱ ጊዜ የመለሱት ጽፈው ነውና።