በሌላ ቁና የሚሰፈር ደም

በላስ ቬጋስ የሚኖር አንድ ጤነኛ ኢትዮጵያዊ ለዓመታዊ ምርመራ ደም ቢሰጥና የኒውትሮፊል መጠኑ በማይክሮሊትር 1,300 ቢሆን፣ የላቦራቶሪው ወረቀት ቁጥሩን «ዝቅተኛ» ይለዋል። ኒውትሮፊል ተህዋስያንን ቀድሞ የሚገጥም ነጭ የደም ሴል ነው፤ በተለመደው መስፈርት ከ1,500 በታች ከወረደ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ከዚያ ተደጋጋሚ ምርመራ፣ ወደ ደም ሐኪም መላክ፣ አንዳንዴም ከመቅኔ ናሙና መውሰድ ይከተላል። ሆኖም ጉድለቱ በደሙ ሳይሆን ደሙ በተሰፈረበት ቁና ላይ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ ያለው በመቅኔ ውስጥ ነው። ወደ ቀይ ሴልነት በመለወጥ ላይ ያለ ሴል የሚያስፈልጉትን ዘረመሎች በኒውክለሱ ውስጥ ወደ አር ኤን ኤ ይገለብጣል፤ ቅጂው ወደ ሳይቶፕላዝም ወጥቶ ፕሮቲን ይሠራበታል። የአጥቢ እንስሳት ቀይ ሴል በመጨረሻ ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል፤ ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ቀናት በሳይቶፕላዝሙ በቀረው አር ኤን ኤ ብቻ ሄሞግሎቢን ይሠራል። ኒውክለሱ ሳይወጣ በፊት ያልተገለበጠ ዘረመል ለዚያ ሴል እንደሌለ ይቆጠራል።

ዳፊ የተባለው ፕሮቲን የሚቀረው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ጋታ-1 የተባለው ቅጂ አስጀማሪ ፕሮቲን በዘረመሉ መግቢያ ላይ የሚያርፍበት ቦታ በአንዲት ፊደል ሲለወጥ፣ በቀይ ሴል መስመር ውስጥ የዳፊ አር ኤን ኤ አይሠራም፤ በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ግን ይሠራል። ለውጡ ከሁለቱም ወላጆች የተወረሰ ከሆነ በደም ዝውውር የሚገኘው ኒውትሮፊል ዝቅ እንደሚል እ.ኤ.አ. በ2009 ታውቋል። ይህ ዝቅ ማለት ብቻውን ሰውን ለበሽታ አያጋልጥም።

ጤነኛውን ሰው ሕመምተኛ ብሎ መመዝገብ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የካንሰር ታካሚ በኒውትሮፊሉ ማነስ ምክንያት መድኃኒቱ ሊቀነስበት ወይም ሊዘገይበት ይችላል። የአዳዲስ መድኃኒቶች ሙከራዎች ከተወሰነ ቁጥር በታች ያለውን ሰው አይቀበሉም። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎዛፒን ለረጅም ዘመን በዚሁ ቁጥር ሲገደብ ኖሯል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 በተፈጥሮ ዝቅተኛ መጠን ላላቸው ሰዎች መነሻውን ከ2,000 ወደ 1,000 ያወረደው ዘግይቶ ነው።

ቀላሉ መፍትሔ ለጥቁር ሕዝብ ሁሉ የተለየ መለኪያ ማውጣት ይመስላል። ኢኮኖሚስቶች ይህን ስታቲስቲካዊ አድልዎ ይሉታል፦ ግለሰቡን መለካት ሲቻል በቡድኑ አማካይ መገመት። በኢትዮጵያውያን ላይ ደግሞ ግምቱ በተለይ ይሳሳታል፤ በኢትዮጵያ ዳፊ ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች በአንድ ወረዳ ጎን ለጎን ይኖራሉና። ዳፊ ያለውን ሰው በቆዳው ቀለም ብቻ በዝቅተኛው ቁና መስፈር እውነተኛ ሕመሙን መደበቅ ነው። በመለኪያው ለውጥ የሚሰጉ ሐኪሞች የሚያነሡት አደጋም ይኸው ስለሆነ ሥጋታቸው ተገቢ ነው። መልሱ ግን አሮጌውን ቁና ማቆየት ሳይሆን ዳፊን ራሱን መመርመር ነው። የደም ባንኮች ይህን የቀይ ሴል ምርመራ ለደም ልገሳ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በተለመደው ሁኔታ ውጤቱ ስለማይለወጥ በዕድሜ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ አንድ የመቅኔ ናሙና የሚጠይቀው ወጪና ሕመም ሲታሰብ የትኛው እንደሚረክስ አያከራክርም።

ላስ ቬጋስ ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት። ክላርክ ካውንቲ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው አካባቢ አለ፤ በሆቴሎቹና በካዚኖዎቹ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። የኩሊነሪ ሠራተኞች ማኅበር፣ ሎካል 226፣ አባላት የሚታከሙበት የጤና ፈንድ ክፍያውን የሚሸፍነውም ራሱ፣ በክሊኒኩ የሚያክመውም ራሱ ነው፤ ስለዚህ አላስፈላጊ ምርመራ ሲቀር ትርፉ ወደ ራሱ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ላስ ቬጋስ የሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ ጥናቱን የሚመራበት ማኅበረሰብ በደጁ አለው። በመድኅን ገበያ ለብቻው የሚገዛው የታክሲ ሹፌር ግን እንዲህ ያለ ተደራዳሪ የለውም፤ የማኅበረሰቡ ባለሙያዎች ድምፅ በተለይ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው።

የራስን ልክ ማወቅ ለአገር ቤትም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት የጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ሴል አማካይ ከኔዘርላንዳውያን እንደሚያንስ አሳይቷል፤ ያም በኤች አይ ቪ ሕክምና ውስጥ ቀላል ነገር አልነበረም። ዛሬ የሚቀረው ዕውቀቱ አይደለም፤ ዕውቀቱን ወደ ላቦራቶሪው ወረቀት የሚያወርድ ውሳኔ ነው። ውሳኔውን ደግሞ የጤና ፈንዶች፣ ሆስፒታሎችና መድን ሰጪዎች የሚወስኑት የሚጠይቃቸው ሲያገኙ ነው።