ሥራ ሲጋመስ የሚጠራ ሰው

ሰው ሁሉ ሥራን የጀመረውን ማመስገን ይወዳል። ቤት ሲሠራ መሠረቱን የጣለው ይታወሳል፤ ጣራውን የከደነው ግን ይረሳል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም፤ መሠረት ያለ ጣራ ከዝናብ አያድንምና። ሌላው የጀመረውን ሥራ ተቀብሎ፥ ሳያበላሽ ለሚፈጽም ሰውም ምስጋና ይገባዋል። ለዚህም የኦክታቪዮ ዶቴል ታሪክ ምስክር ይሆናል። ዶቴል በአሜሪካ አገር ኳስ በመወርወር እንጀራውን ያገኘ ሰው ነበረ።

ጨዋታው ቤዝቦል ይባላል። በእያንዳንዱ ወገን ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዎች ሆነው ሁለት ቡድኖች ይጋጠማሉ። የአንዱ ወገን ወርዋሪ ኳሱን ይወረውራል፤ የሌላው ወገን መቺ በዱላ ሊመታው ይሞክራል። መትቶ በሜዳው ማዕዘኖች ሁሉ ዞሮ የተመለሰ ሰው ለወገኑ ነጥብ ያገኛል። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ስለሆነ የአንድ ሰው ክንድ ሳይደክም እስከ ፍጻሜው መዝለቁ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወርዋሪ ሲደክም ወይም ሲሸነፍ አለቃው ሌላውን ይጠራል። ይህም ሰው ተተኪ ወርዋሪ ነው። ብዙ ጊዜም የሚጠራው ነገሩ በከፋበት ሰዓት ነው።

ዶቴል በ1973 ዓ.ም. በዶሚኒካን ሪፑብሊክ ዋና ከተማ በሳንቶ ዶሚንጎ ተወለደ፤ በዚህ ታሪክ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በ1999 ዓ.ም. በኒውዮርክ ሜትስ ቡድን ገብቶ በታላቁ ውድድር መጫወት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ብዙውን ጨዋታ የሚጀምረው እርሱ ነበረ። በ2000 ዓ.ም. ግን ወደ ሂዩስተን ቡድን ከተዛወረ በኋላ ጨዋታን መጀመሩን አስትተው ጨራሽ አደረጉት። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ለውጥ እንደ ውርደት ይቈጥረዋል። እርሱ ግን የተሰጠውን ሥራ ተቀበለ። እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ በ758 ጨዋታዎች ወረወረ፤ ከእነዚህም እርሱ የጀመራቸው 34 ብቻ ናቸው።

ተከታይ ከጀማሪ ያንሳል የሚሉ ሰዎች የ2003ን ዓ.ም. ጨዋታ ያስቡ። በጁን ወር በ11ኛው ቀን ሂዩስተን ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር በያንኪስ ሜዳ ተጋጠመ። የመጀመሪያው ወርዋሪ ሮይ ኦስዋልት ገና በሁለተኛው ዙር ብሽሽቱን ታሞ ወጣ። ከዚያ በኋላ አምስት ሰዎች ተራ በተራ እየተተኩ ወረወሩ። ዶቴል በስምንተኛው ዙር ገብቶ እያንዳንዱን መቺ ሦስት ሦስት ጊዜ እያሳሳተ አራት ሰዎችን አሸነፈ። በአንድ ዙር ሦስት ሰው ማስወጣት ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ከአራቱ አንዱ ኳሱ ከተቀባዩ እጅ ስላመለጠ ሮጦ ዳነ። ዘጠነኛውን ዙር ቢሊ ዋግነር ፈጸመ። ሂዩስተንም 8 ለ 0 አሸነፈ። ያንኪሶች በዚያ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ኳሱን በሚገባ መትተው ስፍራ አልያዙም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ አልደረሰባቸውም ነበር። ከስድስቱ ወርዋሪዎች ማናቸውም «ድሉ የእኔ ነው» ሊል አይችልም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና።

ተተኪ ወርዋሪ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ሥራ ፈት አይደለም። ገና ሳይገባ በሜዳው ዳር በተለየ ስፍራ ሆኖ እየወረወረ ክንዱን ያሟሙቃል። አንዳንድ ቀን እንዲህ ደክሞ ሳይገባ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ድካሙንም የሚያይለት የለም። ቢሆንም አይተወውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለ፥ ከተጠራ በኋላ መዘጋጀት የሚጀምር ሰው ራሱንም ባልንጀሮቹንም ያሳፍራል።

ሌላ ነቀፋም አለ። ዶቴል በ13 ቡድኖች ተጫውቷል። በ2010 ዓ.ም. ብቻ በፒትስበርግ፥ በሎስ አንጀለስና በኮሎራዶ ወረወረ። ይህን የሰማ ሰው «በአንድ ቤት የማይረጋ ታማኝ አይደለም» ይል ይሆናል። ነገር ግን በዚያ አገር የቡድን ባለቤቶች ተጫዋቾቻቸውን ይለዋወጣሉ፤ ተጫዋቹም ብዙ ጊዜ ፈቃዱ ሳይጠየቅ ይሄዳል። ሥራ ሰልችቶት ጥሎ የሚኰበልልና ወደ ሥራ ተልኮ የሚሄድ አንድ አይደሉም። የታማኝነት መለኪያው የቈዩበት ዘመን ርዝመት ብቻ አይደለም፤ በደረሱበት ስፍራ የሚሠሩት ሥራ ነው። በ2011 ዓ.ም. በጁላይ ወር ዶቴል ከቶሮንቶ ወደ ሴንት ሉዊስ ተላከ። በዚያው ዓመት ሴንት ሉዊስ ቴክሳስን በሰባት ጨዋታ ረትቶ የውድድሩን ታላቅ ድል አገኘ። ከመጣ ጥቂት ወራት የሆነው ዶቴልም በእነዚያ ጨዋታዎች ወርውሮ የድሉ ተካፋይ ሆነ።

ይህ ሲባል ሰውዬው ሁልጊዜ አሸናፊ ነበረ ማለት አይደለም። በስሙ 59 ድል ቢጻፍለት 50 ሽንፈትም ተጽፎበታል። በ2005 ዓ.ም. ክርኑ ተጎድቶ ሐኪሞች ቀደዱት፤ እንደ ገና ለመወርወር ከአንድ ዓመት በላይ ቈየ። ለሥራውም ብዙ ገንዘብ ተከፍሎታል፤ ስለዚህ እንደ ድኻ ሊታዘንለት አይገባም። ነገር ግን ትናንት በሕዝብ ፊት የተረታን ሰው ዛሬ እንደ ገና ወደ ሜዳ የሚያወጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ትዕግሥትም ያስፈልጋል።

በ2012 ዓ.ም. ወደ ዲትሮይት ሲገባ በ13 ቡድኖች በመጫወት የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ2019 ዓ.ም. ግን ኤድዊን ጃክሰን በ14ኛ ቡድን ገብቶ በለጠው። በ2025 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር በ8ኛው ቀን በሳንቶ ዶሚንጎ የአንድ ጭፈራ ቤት ጣራ ተደርምሶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሲሞቱ ዶቴልም አብሮ ሞተ። በቍጥር የተገኘ ክብር በሌላ ቍጥር ይሻራል፤ ከባልንጀሮቹ ጋር የፈጸመው ሥራ ግን አይሻርም።

ይህ ነገር ለተማሪም ይሆናል። በዓመቱ እኩሌታ ወደ አዲስ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ትምህርቱን ተጋምሶ ያገኘዋል፤ «እንግዳ ነኝ» ብሎ ቢለግም ራሱን ይጎዳል። ነባሮቹም «ስንጀምር አልነበርህም» ብለው ቢገፉት ረዳት ያጣሉ። በቤትም እንዲሁ ነው። እኅቱ ከምንጭ የቀዳችውን እንስራ ከመንገዱ እኩሌታ የሚቀበላት ልጅ «የቀዳሁት እኔ አይደለሁም» ብሎ ቢያስቀምጠው፥ እናታቸው የምታቦካበት ውኃ አታገኝም።