የመጦሪያ ቤት መዘጋት ለገጠር ነዋሪ ምን ማለት ነው?
የአቢሊክስ ሕዝብ ተሞክሮ

የገጠር ልማት ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰቡት መንገድ፣ ውሃ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ናቸው። የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ከእነዚህ ጋር አብሮ ሲቆጠር እምብዛም አይሰማም። ይሁን እንጂ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማና ወደ ባሕር ማዶ በሚጎርፍበት፣ ቀዬውን የሚጠብቁትም በአብዛኛው በዕድሜ የገፉት በሆኑበት አገር፣ መጦሪያ ቤት ከገጠሩ ዋና ዋና ተቋሞች አንዱ ይሆናል። እንዲህ ያለው ቤት ይዘጋ የሚል ውሳኔ ከበላይ ሲመጣም ጉዳዩ የጥቂት አልጋዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በአየርላንድ ሪፐብሊክ የአቢሊክስ ከተማ ነዋሪዎች ያደረጉት ትግል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አቢሊክስ በአየርላንድ መካከለኛ ክፍል፣ በሊሽ አውራጃ የምትገኝ፣ ሁለት ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ትንሽ የገጠር ከተማ ነች። ከዋና ከተማው ከደብሊን በስተ ደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በከተማይቱና በአካባቢዋ ያሉ አቅመ ደካማ አረጋውያን የሚጦሩበት፣ በመንግሥት የሚተዳደር ቤት አላት፤ ሕዝቡ በተለምዶ ሆስፒታል ብሎ ይጠራዋል። በኅዳር ወር 2011 የአገሪቱን የጤና አገልግሎት የሚያካሂደው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህ ቤት እንደሚዘጋ አስታወቀ። በቤቱ ይኖሩ የነበሩትም ከለመዱት ቦታ ተነስተው ወደ ሌላ መዛወር እንዳለባቸው ተነገራቸው።

የውሳኔው መነሻ

እንዲህ ያለውን ውሳኔ ከክፉ ልብ የመነጨ አድርጎ መመልከት ይቀላል። ነገሩ ሲመረመር ግን ሦስት ምክንያቶች ተደራርበው ይገኛሉ።

አንደኛው የገንዘብ እጥረት ነው። አየርላንድ በ2008 በደረሰባት የባንኮች ውድቀት ምክንያት በኅዳር 2010 ከአውሮፓ ኅብረትና ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር የ85 ቢሊዮን ዩሮ የእርዳታ ስምምነት ለመፈራረም ተገዳለች። ከዚያ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ወጪ መቀነስ ግዴታ ሆነ። በ2012 ብቻ ከጤናው በጀት 750 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ተቆርጧል። በዚያው ዓመት የሥራ ዕቅድ ውስጥም በመንግሥት መጦሪያ ቤቶች ከሚገኙት አልጋዎች ከ500 በላይ የሚሆኑትን የመቀነስ ሐሳብ ሰፍሮ ነበር።

ሁለተኛው የሠራተኛ ማነስ ነው። ከመጋቢት 2009 ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አዲስ ሠራተኛ መቅጠር ታግዶ ቆይቷል። ከዚህም በላይ የደመወዝ ቅነሳው በጡረታ አበላቸው ላይ ሳይደርስ ለመውጣት የፈለጉ በርካታ ሠራተኞች እስከ የካቲት 2012 መጨረሻ ሥራቸውን ለቀዋል። ነርስ ሲወጣ ሌላ ነርስ የማይተካ ከሆነ ትንሹ ቤት ከትልቁ ይልቅ ቀድሞ ይጎዳል። በብዙ ነርሶች በሚሠራ ቤት ሁለት ቢጎድሉ ሥራው ይከብዳል እንጂ አይቆምም፤ በጥቂቶች በሚሠራ ቤት ግን ሁለት ከጎደሉ የሌሊት ተራ የሚገባ ሰው ይጠፋል።

ሦስተኛው ምክንያት የጥራት መመዘኛ ነው። በ2005 በደብሊን አቅራቢያ ሊስ ክሮስ በተባለ የግል መጦሪያ ቤት ውስጥ የነበረው የአያያዝ ጉድለት በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ መላው የአየርላንድ ሕዝብ ተቆጥቶ ነበር። ከዚያም በ2007 ራሱን የቻለ የጤና መረጃና ጥራት ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከሐምሌ 2009 ጀምሮም የግሉም የመንግሥቱም መጦሪያ ቤቶች በዚህ ባለሥልጣን እየተመዘገቡና እየተመረመሩ እንዲሠሩ ተደረገ። ይህ ለአረጋውያኑ ደኅንነት የሚበጅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ከመንግሥቱ መጦሪያ ቤቶች ብዙዎቹ በ19ኛው መቶ ዓመት ለድሆች መጠለያነት ከተሠሩ ግቢዎች የተወረሱ ናቸው። በሰፋፊ አዳራሾች ውስጥ አልጋ ከአልጋ ተጠጋግቶ ብዙ ሰው በአንድ ላይ የሚተኛባቸው ስለነበሩ ከአዲሱ መመዘኛ ጋር ሊጣጣሙ አልቻሉም።

በሌላ በኩል ደግሞ በ2009 መጨረሻ በሥራ ላይ በዋለው የክፍያ ሥርዓት መሠረት ተጧሪው ከገቢው 80 ከመቶውንና ከንብረቱ የተወሰነውን ሲከፍል፣ የቀረውን መንግሥት ይሸፍናል። ገንዘቡ የሚከተለው ተጧሪውን ስለሆነ ሰውየው የግልም ሆነ የመንግሥት ቤት መምረጥ ይችላል። የግሎቹ ቤቶች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተሰጣቸው የግብር ቅናሽ ተበረታተው የተስፋፉ ሲሆን፣ ዛሬ በአየርላንድ ከአምስት ተጧሪዎች አራቱ ያህል የሚኖሩት ከመንግሥት ውጭ ባሉ ቤቶች ውስጥ ነው። በ2021 የወጣ የመንግሥት ጥናትም በመንግሥት ቤቶች ለአንድ ሰው የሚወጣው ወጪ ከግሎቹ በእጅጉ የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። በመሆኑም በሒሳብ መዝገብ ላይ ብቻ ለሚመለከት ሹም ትንሽ፣ አሮጌና የመንግሥት የሆነ ቤት ለመዘጋት የመጀመሪያው ሆኖ ይታየዋል።

በሒሳቡ ውስጥ ያልገባው

እንግዲህ የአቢሊክስ ሕዝብ የተነሳው ከመዝገቡ ውጭ የቀረው ነገር እንዲቆጠርለት ነው። ከእነዚህም ውስጥ ዋነኛው ርቀት ነው።

በአማርኛ «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንዱ ጥያቄ ማቅረብ ሲሆን፣ ሌላው የታመመን ወይም የደከመን ሰው ሄዶ ማየት ነው። በመጦሪያ ቤት የሚኖር ሰው የሚተዳደረው በምግብና በመድኃኒት ብቻ ሳይሆን በጠያቂ ጭምር ነው። መጦሪያ ቤቱ በከተማይቱ ውስጥ ከሆነ የሰባ ዓመት ሚስት የሰማንያ ዓመት ባልዋን በየቀኑ በእግሯ ሄዳ ልታየው ትችላለች። ጎረቤት ገበያ ውሎ ሲመለስ ጎራ ይላል። ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ግን የ20 ወይም የ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ይመጣል። ይህ ርቀት መኪና ለሚነዳ ጎልማሳ የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነው። መንዳት ላቆመችና አውቶቡስ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ በሚያልፍበት ገጠር ለምትኖር አሮጊት ግን በየቀኑ የነበረው ጥየቃ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በወር አንድ ጊዜ ይሆናል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው አባባል ትርጉሙ የሚገባው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ጠያቂ መራቁ የሚያስከትለው ጉዳት ከናፍቆትም ያልፋል። ዘመድ አዘውትሮ የሚገባበት ቤት ሳይታወቀው ይመረመራል። ያልተቀየረ አንሶላ፣ ሳይበላ የተመለሰ ሳህን፣ ያልታከመ ቁስል ከመንግሥት መርማሪ ቀድሞ የሚታየው ለጠያቂ ነው። በመሆኑም ለጥራት ተብሎ አረጋውያንን ከሚያውቃቸው ሰው ማራቅ ጥራቱን ራሱን ከሚጠብቀው ዓይን መለየት ይሆናል።

ሌላው የኑሮ ጉዳይ ነው። በትንሽ የገጠር ከተማ ውስጥ መጦሪያ ቤት ለነርሶች፣ ለአስታማሚዎች፣ ለወጥ ቤትና ለጽዳት ሠራተኞች ቋሚ ሥራ የሚሰጥ ተቋም ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ቤቱ ሲዘጋ ደመወዛቸው ይዞት የሚመጣው ገበያም አብሮ ይቀንሳል።

ሕዝቡ ምን አደረገ?

አቢሊክስ ከዚህ በፊትም የመደራጀት ልምድ ነበራት። በ2000 ዓ.ም. በከተማይቱ አጠገብ ባለው ረግረግ ላይ የአገሪቱ የማገዶ አፈር አምራች ድርጅት መሣሪያዎቹን ባስጠጋ ጊዜ ነዋሪዎቹ መንገድ ዘግተው አስቁመውታል። ጥያቄያቸውም ሥራው በአካባቢው ላይ የሚያስከትለው ጉዳት አስቀድሞ ይጠና የሚል ነበር። ከዓመታት ንግግር በኋላ ድርጅቱ ረግረጉን ማድረቂያ ቦዮች ዘጋ፤ 190 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ይህ መሬትም ለ50 ዓመት በሕዝቡ እጅ እንዲተዳደር በውል ተሰጥቷል። ተቃውሞው በቁጣ ተጀምሮ በኮሚቴ፣ በጥናትና በውል መጠናቀቁ ለመጦሪያ ቤቱ ጉዳይም ጠቃሚ ትምህርት ነበር።

የቤቱ መዘጋት ሲታወጅ ነዋሪው ኮሚቴ አቋቁሞ በአደባባይ ተቃወመ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን በአየርላንድ ብዙ ሰልፍ ይደረግ ስለነበር ሰልፍ ብቻውን ውሳኔ የሚያስለውጥ አልነበረም። ለአቢሊክስ ጉዳይ ክብደት የሰጠው ተጧሪዎቹ ራሳቸው በውሳኔው ላይ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ማመልከታቸው ነው። የክርክሩ ፍሬ ነገር አጭር ነበር፤ የምንኖረው እዚህ ነው፣ ቤታችን ይህ ነው፣ ስለ ቤታችን ከመወሰኑ በፊት ልንጠየቅ ይገባን ነበር የሚል ነው።

ይህ ክርክር መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ የለኝም በማለት የማይመልሰው ነበር። ፍርድ ቤት የመንግሥትን በጀት ሊደለድል አይችልም፤ ነገር ግን ሰው ሳይሰማ የተወሰነ ውሳኔ ትክክለኛ ሥርዓት ተከትሏል ወይስ አልተከተለም ብሎ መመርመር ይችላል። በመጨረሻም መሥሪያ ቤቱ የመዝጋቱን ውሳኔ አንስቶ ወደ ምክክር ለመመለስ ተገደደ። ቤቱም ሳይዘጋ ቀርቶ አገልግሎቱን ቀጥሏል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ነዋሪዎቹ ያሸነፉት ቤቱ ለዘለዓለም አይዘጋም የሚል ዋስትና አግኝተው አለመሆኑን ነው። ያገኙት የመጠየቅ መብት ነው። ውሳኔው በምክክር ላይ ሲውል በመዝገብ ያልነበረው ርቀት፣ ጠያቂና የሥራ ዕድል ሁሉ በጠረጴዛ ላይ ይቀርባል።

ድሉና ወሰኑ

ከላይ የተገለጸው የአቢሊክስ ተሞክሮ ለሁሉም ቦታ እንዳለ የሚሠራ አይደለም። በቲፐራሪ አውራጃ በካሪክ ኦን ሹር ከተማ የሚገኘው 16 አልጋ ያለው የቅድስት ብሪጂድ ሆስፒታል በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ለጊዜው ለሌላ አገልግሎት እንዲውል ከተደረገ በኋላ፣ ሕንጻው መመዘኛውን አያሟላም ተብሎ ወደ ቀድሞ ሥራው ሳይመለስ ቀርቷል። ሕዝቡ በዚያም ተቃውሞውን አሰምቶ ነበር። የሁለቱ ልዩነት የሚያስተምረው አለ። መብት ይከበር የሚለው ክርክር ጊዜ ይገዛል፤ የሕንጻውን ግድግዳ ግን አያሰፋም።

የአየርላንድ መንግሥት በዚህ ረገድ ለቤቶቹ የሰጠው ቀነ ገደብ መጀመሪያ 2015 ነበር። ብዙዎቹ እንደማይደርሱበት ሲታወቅ በ2016 ተሻሽሎ እስከ 2021 መጨረሻ ተራዝሟል። ከ2022 መግቢያ ጀምሮ በአንድ ክፍል ውስጥ ከአራት ሰው በላይ ማስተኛት የተከለከለ ሲሆን፣ በጋራ ክፍል ለእያንዳንዱ ተጧሪ ቢያንስ 7.4 ካሬ ሜትር ሊኖረው ይገባል። ይህ ደንብ ለአረጋዊው ክብር የወጣ ነው። ሆኖም ግንባታው ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ ከደንቡ ጋር አብሮ ካልመጣ ደንቡ ሳይታሰብ የመዝጊያ ምክንያት ይሆናል። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ራሱ በቅርብ ዓመታት ባወጣቸው ዘገባዎች ትናንሽ ቤቶች እየተዘጉ፣ አልጋዎቹም ብዙ ቤት ባላቸው ትላልቅ ኩባንያዎች እጅ እየተሰበሰቡ መሆናቸውን አመልክቷል።

ከዚህ ሌላ ሕዝብ ሊጠነቀቅበት የሚገባ የአዘጋግ ስልት አለ። እርሱም አዋጅ የሌለው መዘጋት ነው። የለቀቀ ነርስ አይተካም። ሠራተኛ አነሰ ተብሎ አዲስ ተጧሪ መቀበል ይቆማል። ነባሮቹ በዕድሜ እያለፉ ሲሄዱ አልጋዎቹ ባዶ ይሆናሉ። በመጨረሻም ቤቱ ሰው የለውም፣ ስለዚህ አያዋጣም ይባላል። በዚህ ስልት የሚቃወሙት ውሳኔና የሚከሰስ ቀን ስለሌለ ሕዝቡ የሚነቃው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ስለሆነም መጦሪያ ቤቱን ለማቆየት የሚፈልግ ማኅበረሰብ ስንት አልጋ ተያዘ፣ ስንት ነርስ ቀረ፣ አዲስ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የገባው መቼ ነው ብሎ በየወሩ መከታተል አለበት።

ከአቢሊክስ ታሪክ የሚወሰደው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ደኅንነቱ የተጠበቀ ሕንጻና ለዘመድ ቅርብ የሆነ ቤት አንዱ ሌላውን የሚያስቀር ምርጫ ሆነው መቅረብ የለባቸውም። አሮጌው ቤት ጎጂ ከሆነ ትክክለኛው መፍትሔ በዚያው ከተማ ውስጥ የተሻለ ቤት መሥራት ነው፤ ይህ ባይቻል እንኳ ከሁሉ በፊት በቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሊጠየቁ ይገባል። ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲያርስና ከብት ሲያረባ የኖረ ሰው በመጨረሻው ዘመኑ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፤ የሚያውቀውን ደጅ እያየ፣ የሚያውቁት ሰዎች እየጠየቁት መኖር ብቻ ነው። የአቢሊክስ ሕዝብ ይህ ፍላጎት በመንግሥት ሒሳብ ውስጥ አንድ መስመር እንዲያገኝ አድርጓል። መስመሩ እንዳይሰረዝ መጠበቅ ግን የአንድ ዓመት ሥራ አይደለም።