የመኪና ዓመተ ምሕረት ብቻውን ሚዛን አይሆንም

ይድረስ ለአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፤



ይህችን አጭር አሳቤን በአንባብያን ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ዛሬ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሞዴሉ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ደላላውም ዓመቱን ከፍ አድርጎ ከተናገረ ዋጋውን ከፍ ማድረግ አይቸግረውም። ይህ ልማድ ሰውን ምን ያህል እንደሚያሳስት በባልንጀራዬ ላይ ካየሁ ወዲህ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ባልንጀራዬ እንደ እኔው አስተማሪ ነው። ለብዙ ዓመት በዕቁብ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ አንዲት ሱዙኪ ቪታራ ለመግዛት ወጣ። የፈለጋትም ክረምት ከበጋ ወደ ገጠር እየወረደ አሮጊት እናቱን ወደ ሐኪም ለማመላለስ ነበር። ሁለት መኪናዎች ቀረቡለት፤ አንደኛይቱ የ2008፥ ሁለተኛይቱ የ2015 ሞዴል። (የሞዴሎቹን ዓመታት ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) «ስማቸው አንድ ከሆነ አዲሲቱ ትሻለኛለች» ብሎ የብዙ ወር ደመወዙን የሚያህል ብልጫ ከፍሎ የ2015ቱን ወሰደ። በመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ ግን ከእናቱ መንደር በታች ባለው የጭቃ ዳገት ላይ የፊት ጎማዎቿ በከንቱ እየተሽከረከሩ መኪናይቱ ቆመች። በበሬ ተጎትታ ወጣች፤ እናቱም በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ድረስ ወረዱ።

ጥፋቱ የመኪናይቱ አይደለም። ጥፋቱ አንድ ስም የተሰጣቸውን ልዩ ልዩ መኪናዎች በዓመት ብቻ መመዘናችን ነው። የመጀመሪያይቱ ቪታራ በ1988 ስትወጣ፥ በ1998 የተተካችውም ግራንድ ቪታራ፥ አካላቸው በተለየ ጠንካራ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ነበር። በ2005 የወጣችው ግራንድ ቪታራ ሻንሲዋ ከአካሏ ጋር አንድ ሆነ፤ ነገር ግን በብዙዎቹ ላይ አራቱም ጎማዎች ሁልጊዜ ይነዳሉ፤ ለዳገትና ለጭቃ የሚሆን ተጨማሪ ዝቅተኛ ማርሽም አላቸው። ከመሬት ያላት ከፍታ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። በ2015 ለገበያ የቀረበችው ቪታራ ግን ከመሠረቷ ሌላ ናት። ሞተሯ በአግድም ተቀምጦ የፊት ጎማዎችን ይነዳል፤ አራቱን ጎማ የሚያሠሩት ለብቻ ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ያ ዝቅተኛ ማርሽ የላቸውም። ከፍታዋም 18.5 ሳንቲ ሜትር ነው። እኛ ግን «ግራንድ» የሚለውን ቃል እያስቀረን ሁሉንም ቪታራ ብለን እንጠራቸዋለን።

እውነቱን ለመናገር አዲሲቱ ለከተማ ሰው የበለጠች ናት። ክብደቷ ከፊተኛይቱ በብዙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቤንዚን ትቆጥባለች። ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የአውሮፓ የመኪና ደኅንነት መርማሪ ድርጅትም በ2015 አምስት ኮከብ ሰጥቷታል። ከአስፋልት የማይወጣ ሰው እርሷን ቢገዛ አልተሳሳተም። የባልንጀራዬ መንገድ ግን አስፋልት አልነበረም።

ደግሞም ዓመት ራሱ ያታልላል። የ2006ና የ2007 ግራንድ ቪታራ በሥራቸው ይህን ያህል አይለያዩም፤ በገበያ ግን አንዲቱ ዓመት ብቻ ዋጋ ትጨምራለች። በአንጻሩ 2005 የፊተኛይቱ ሥራ ያበቃበት፥ የኋለኛይቱም የጀመረበት ዓመት ስለሆነ፥ «የ2005 ሞዴል» የተባለች መኪና ከሁለቱ አንዲቱ ልትሆን ትችላለች። ዓመቱን ብቻ የጠየቀ ሰው የትኛይቱን እንደ ገዛ አያውቅም።

ይህ ጥንቃቄ ዛሬ ከቀድሞ ይልቅ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎች ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ግብራቸው እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። እንግዲህ ቀድሞ የገቡት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ነው። ዕድሜ ለመንግሥት የግብር ሚዛን ሊሆን ይችላል፤ ለገዢ ግን ብቻውን አይበቃም። አሥር ዓመት ዘይቷ በጊዜው እየተለወጠ የተያዘች መኪና፥ አምስት ዓመት ያለ ርኅራኄ ከተነዳች መኪና ትበልጣለች።

አያቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን ያዩ ነበር፤ ዕድሜዋ የሚታወቀው በጥርሷ ነውና። ነገር ግን በዚያ አያበቁም። ጀርባዋን ይዳስሳሉ፤ ኮቴዋን ያነሣሉ፤ ዳገትም ያስወጧታል። እኛ ጥርስ ብቻ አይተን ገንዘባችንን እንቆጥራለን። ደላሎቻችንም «አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» እንደ ተባለላት በቅሎ፥ የሚያኮራውን ይነግሩናል፤ የቀረውን ይደብቁናል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ገዢው ዓመቱን ከመጠየቁ በፊት መኪናይቱ የምትሄድበትን መንገድ ያስብ፤ ቀጥሎም የሚያምነውን መካኒክ ይዞ ከሥሯ አጎንብሶ ይይ፤ የኋላ ጎማዎቿን የሚያነዳ ዘንግ መኖር አለመኖሩን ለመለየት ብዙ ዕውቀት አያስፈልግም። ሁለተኛ፥ በሽያጭ ውል ላይ ከዓመቱ ጋር የሞተሩ ዓይነትና መጠን፥ የሚነዱት ጎማዎች ሁለት ወይም አራት መሆናቸው፥ ዝቅተኛው ማርሽም መኖሩ ተለይቶ ይጻፍ። ሻጩ በፊርማው ካረጋገጠ ገዢው በኋላ የሚከራከርበት ነገር ያገኛል። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያሻም፤ አንድ ተጨማሪ መስመር መጻፍ ይበቃል።

ባልንጀራዬ መኪናይቱን ሊሸጣት አስቧል። የሚመጡት ገዢዎች ሁሉ እስካሁን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ነግሮኛል፤ «ሞዴሏ ስንት ነው?»



አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከደብረ ብርሃን