ወገብ ለሚያመው የቮልስ ባለቤት

የአሮጌ ቮልስ ፍሪሲዮን ግቢ ውስጥ ይቀየራል ስልዎ፣ በተለይ ሐኪም ከባድ ዕቃ እንዳያነሱ ከከለከለዎት፣ ሊስቁ ይችላሉ። ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ ማጋነን አውቅበታለሁ፤ ይህ ግን ማጋነን አይደለም። እኔም የወገብ ዲስክ ሕመምተኛ ነኝ።

ቮልስ ደግ መኪና ነው። ሞተሩ ከኋላ ሲሆን ከካምቢዮው ጋር የሚታሰረው በ4 ብሎን ብቻ ነው። ወደ 100 ኪሎ ቢጠጋም የሚሸከመው ክሪኩ እንጂ ወገብዎ አይደለም፤ ክሪኩ ሞተሩን ሳይደግፍ ግን የመጨረሻውን ብሎን እንዳይፈቱ። ከሁሉ በፊት ባትሪውን ይንቀሉ፣ የቤንዚኑን ጎማ ይድፈኑ። መኪናውን በብሎኬት እንዳይደግፉ አደራ! ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የብረት መደገፊያ ይዋሱ።

ማንሳትና መግፋቱን ለወንድሜ ልጅ ትቼ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው የሠራሁት። 20 ደቂቃ ሠርቼ 10 ደቂቃ ምንጣፍ ላይ እጋደማለሁ። 3 ቅዳሜ ፈጀ። ጎረቤት «መካኒክ ጠፍቶ ነው?» ይላል፤ ይበል። የአባቴ መኪና ነው፤ ሕመሙ ካስተወኝ ነገር ላይ ይህን መጨመር አልፈለግኩም።

የአሮጌውን ሸራ ብናኝ በአየር አይንፉት፤ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። አዲሱን ሲያስሩ መሐሉን በልኩ ያስተካክሉ፤ ትንሽ ከዘመመ ሞተሩ ተመልሶ አይገባም። ኩሽኔታውንም አብረው ይቀይሩት። ለእሱ ብሎ ሞተር ዳግም ማውረድ በእኛ ወገብ አይታሰብም። ፔዳሉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ባዶ እርግጫ ይተዉ፤ አለዚያ አዲሱም ሸራ ቶሎ ያልቃል።